ሁለቴ የተመታው ብር

ነሐሴ 2002 ዓ.ም. ነበር። ፍልሰታ ተይዟል፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት በረንዳዬ ላይ በርጩማ ስቤላቸው ተቀመጡ፤ የመቀነታቸውን ጫፍ ፈቱና አንድ ድፍን ብር መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ብሩ የገላቸውን ሙቀት እንደያዘ ነበር። «እስቲ እየው መምህር። አንተ ታውቀዋለህ» አሉኝ። አምስት ደቂቃ ያህል አገላብጬ አየሁት። ከዚያ «እማማ፣ ይሄ ፎርጅድ ነው» አልኳቸው።

ፎርጅድ አልነበረም። ትክክለኛ የምኒልክ ብር ነበር፤ ያውም እስከ ዛሬ በእጄ ከገቡት ሁሉ እሱን የመሰለ አላየሁም። ዛሬ የለም። አንጥረኛ አቅልጦታል፤ ወደ አንጥረኛው እንዲሄድ ያደረገው ግን የእኔ ቃል ነው። ጥፋቴ አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ሳላውቅ መፍረዴ ነው፤ ሁለተኛው ካወቅሁ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ማለቴ። የመጀመሪያውን መናገር ይቀለኛል፤ ከእሱ ልጀምር።

አባቴ ሲያርፍ ከተወልኝ ነገር አንዱ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ አሥራ አንድ ማርትሬዛ፣ አንድ የምኒልክ ብር፣ ጥቂት መሐለቅና ቤሳ ነበረበት። ማታ ማታ የተማሪዎቼን ደብተር አርሜ ስጨርስ ቆርቆሮውን እከፍታለሁ። ማጉያ መነጽር ገዛሁ፤ ከመርካቶ ደግሞ አንዲት ትንሽ የወርቅ ሚዛን። ያየሁትን ብር ሁሉ የምመዘግብበት መቶ ገጽ ደብተር ነበረኝ። ብሩን ከወረቀቱ ሥር አስቀምጬ እርሳሱን አጋድሜ ሳሸው መልኩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል፤ ከጎኑ ክብደቱንና ስፋቱን እጽፋለሁ። ይህ ነገር በሠፈሩ ተሰማ። አንዱ የአያቱን፣ ሌላው ከግንብ ሥር ቆፍሮ ያገኘውን ይዞ ይመጣል። «መምህር ካለ አለቀ» ይባልልኝ ጀመር። እኔም እንዲህ መባሉን ወደድኩት፤ እየወደድኩት ስሄድ ደግሞ መልስ ለመስጠት የምወስደው ጊዜ እያጠረ መጣ።

ጠገራ ብርን በሚገባ አውቀዋለሁ ብል ውሸት አይደለም። ማርትሬዛ ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፤ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችበት ዓመት። ነገር ግን ዓመቱ ብሩ መቼ እንደተመታ አይናገርም፤ ከእሷ ሞት በኋላ ያው መልክ፣ ያው ዓመት ሲደገም ኖሯልና። ቪየና ለብዙ ዘመን መትታዋለች። ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ በ1935 እ.ኤ.አ. ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታት። ፓሪስ፣ ለንደን፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ፣ በርሚንግሃምም በየተራቸው መትተዋታል። እንግዲህ በማርትሬዛ ዘንድ «እውነተኛዋ የትኛዋ ናት?» የሚለው ራሱ ከባድ ጥያቄ ነው። ያገራችን ነጋዴ ይህን በራሱ መንገድ ፈትቶት ነበር። የራስ ጌጧና የትከሻ ጌጧ ዕንቁዎች አንድ በአንድ ተለይተው ካልታዩት አይቀበላትም፤ ከደረቷ ሥር ያሉት ኤስና ኤፍ የሚባሉት ሁለት ፊደላት ከደበዘዙ ይመልሳታል፤ በመጨረሻ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፅዋን ይሰማል። አባቴ ይህን ሁሉ አስተምሮኛል።

መጠርጠርንም ያስተማረኝ እሱ ነው። በልጅነታችን የምንይዘው ስሙኒ ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው እንዲህ ነገረኝ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ስሙኒ ዝም ያለ ክብ ነበር። የመዳብ ነው፤ ስፋቱ ግን ከብር ከተሠራው ሽልንግ ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ብር እየቀቡ በሽልንግ ሒሳብ የሚያሳልፉት ሰዎች ተነሡ። መንግሥት ሰበሰበውና ጠርዙን ከርክሞ አወጣው። ያን ጊዜ ስሙኒዬን በጣቴ እየዳሰስኩ ሌባ ያስከረከመው ጠርዝ ነው ብዬ ተደነቅሁ። ከዚያ ወዲህ ያረጀ ገንዘብ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማስበው ሌባውን ነው። በዚያ ነሐሴ ቀንም ያሰብኩት እሱን ነው።

የምኒልክ ብር ከማርትሬዛ ጋር እንዲወዳደር ታስቦ የተሠራ ነው። ፓሪስ ላይ መመታት የጀመረው በ1887 ዓ.ም. ሲሆን ክብደቱ 28.075 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር፣ ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ከማርትሬዛ በጣት ቢመዘን ልዩነቱ አይታወቅም። ባላገሩ ግን የለመዳትን ሴትዮ መተው እምቢ ብሎ ለብዙ ዘመን እሷኑ ሲቀበል ኖረ። በዚህም ምክንያት የምኒልክ ብር በየቤቱ እንደ ማርትሬዛ አይገኝም። እኔም በዚያን ጊዜ በደንብ የማውቀው አንዱን ብቻ ነበር፤ ከአባቴ ቆርቆሮ ያገኘሁትን የ1889 ዓ.ም. ብር። አንድ ብር አይቼ የምኒልክን ብር አወቅሁ ብዬ ነበር።

የእናታችንን ብር ሳየው ሦስት ነገር ዓይኔ ገባ። መጀመሪያ ጽሕፈቱ። «ዳግማዊ ምኒልክ» የሚለው እያንዳንዱ ፊደል ከጎኑ ጥላ የመሰለ ሌላ ፊደል ነበረው። የንጉሡ አፍንጫ ሁለት ነው፤ የዘውዱም ጫፍ ሁለት። የዓመተ ምሕረቱ አኃዞች እርስ በርስ ተደራርበው ከ፲፰፻ በኋላ ያለውን መለየት አልቻልኩም። ሁለተኛ፣ ብሩን ገልብጬ አንበሳውን ስመለከት ወደ ላይ ያነሣው የፊት እግር በእኔ ብር ላይ ካለው ተቃራኒው ነው። ሦስተኛ፣ ጠርዙ ላይ፣ ከዘውዱ ራስ በላይ ባለው ቦታ፣ እንደ ሽንብራ ግማሽ የምታህል የብር ጉብታ ተጣብቃለች፤ ተሞርዳ የቀረች ትመስላለች። ብር በቅርጽ ሲፈስ የሚገባበት ቀዳዳ እንዲህ ያለ ቅሪት ይተዋል፤ ይህን አውቅ ነበር። ወዲያው አያያዝኳቸው። ሰውዬው ከእውነተኛ ብር ቅርጽ ወስዶ ሲያፈስ እጁ ተንቀሳቅሶበታል፤ አንበሳውን ደግሞ አዛብቶ ሥሏል፤ ቅሪቱንም በደንብ አልሞረደውም። ሦስቱም ምልክት አንድ ነገር ይናገራሉ መሰለኝ።

እናታችን በመካከል «የባለቤቴ እናት እኮ…» ብለው አንድ ነገር ሊነግሩኝ ጀምረው ነበር። ማጉያዬን እንዳነሣሁ እጄን ዘርግቼ «ቆይ እማማ፣ ቆይ» አልኳቸው። አላስጨረስኳቸውም።

ፎርጅድ ነው ስላቸው ብዙ አልተናገሩም። ብሩን ከእጄ ወስደው በሁለት ጣታቸው እያሹ ቆዩ። «እሱ ግን የእናቴ ጥሎሽ ነው ይለኝ ነበር» አሉ። ባለቤታቸው ያኔ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እኔም ላጽናናቸው መስሎኝ «እሳቸውም ተታለው ይሆናል፤ ምን ያድርጉ» አልኩ። አሁን ሳስበው ከፎርጅዱ ቃል ይልቅ ይህች ማጽናኛዬ ሳትብስ አትቀርም። በእሳቸው ፊት ባለቤታቸውን ወይ ሞኝ ወይ ዋሾ አደረግኋቸው። መቀነታቸውን ቋጥረው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ሄዱ። እኔ የዚያን ዕለት ማታ ደብተሬን አውጥቼ፣ እሳቸው በተቀመጡበት ሰዓት ያነሣሁትን የእርሳስ መልክ ከሥሩ «ፎርጅድ» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ሁለቴ አሰመርኩበት። የተማሪ ስሕተት የማርምበት ቀይ ነው።

መስከረም ሲጠባ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። የልጅ ልጃቸው አብራቸው ነበረች፤ ያኔ የስድስት ዓመት ሕፃን ናት። አንገቷ ላይ አዲስ የብር መስቀል አለ። «ያንን ነገር ከተሰበረ ጉትቻዬ ጋር አንጥረኛ ወስጄ አስቀለጥኩት» አሉኝ። ቀጥለው፣ እንደ ጥያቄ አድርገው፣ «ብሩስ ጥሩ ብር ነው ብሎኛል አንጥረኛው» አሉ። ቢያንስ እዚያ ላይ ልደነግጥ ይገባኝ ነበር። አንጥረኛ ብርን ከእኔ በተሻለ ያውቃል፤ ዕድሜ ልኩን እሳት ላይ ሲያየው ይኖራል። እኔ ግን የሰጠሁትን ፍርድ ላለመመለስ «ፎርጅድም እኮ ከብር ይሠራል እማማ» ብዬ አለፍኩ። ነገሩ እውነት ነው፤ ከብር የሚሠራ ፎርጅድ አለ። እውነት ነገር ለክፉ ጉዳይ ሲውል ያየሁት ከራሴ አፍ ነው።

አራት ዓመት አለፈ። በ2006 ዓ.ም. ቨርጂኒያ የሚኖር የእህቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ የክራውስን የዓለም ሳንቲሞች ካታሎግ አመጣልኝ። የድሮውን የስልክ ማውጫ የሚያህል መጽሐፍ ነው። በዚያው ምሽት ኢትዮጵያ የሚለውን ገጽ ገለጥኩ። የምኒልክ ድፍን ብር በአንድ ቦታ ሳይሆን በሁለት ቦታ ተመዝግቧል፤ በአንዱ አንበሳው የግራ እግሩን ያነሣ፣ በሌላው የቀኝ እግሩን ያነሣ። ሁለቱም ትክክለኛ ናቸው፤ ልዩነቱ የተመቱበት ዘመን ነው። አንብቤ ስጨርስ ጆሮዬ ጋለ። እግሩን ያዛባው ፎርጅድ ሠሪ አልነበረም። የማላውቀውን እግር ሐሰት ያልኩት እኔ ነኝ።

ደብተሩን ፈለግሁ። ገጹን ስከፍተው ቀዩ ጽሑፍ እንደተሰመረበት ነው። ከጎኑ በራሴ እጅ በሰማያዊ የተጻፈ፦ 27.9 ግራም፣ 40 ሚሊ ሜትር። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጽፌው ሳበቃ ግን አላነበብኩትም ማለት ይቻላል። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ ይናገር ነበር። ያን ያህል ስፋትና ውፍረት ያለው ነገር ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ ቢሠራ ከሃያ አራት ግራም ተኩል ብዙ አይዘልም፤ ብር ከእነሱ ይከብዳልና። ከእርሳስ ቢሆን ደግሞ ከሠላሳ ያልፋል። ሃያ ስምንት ሊሞላ ጥቂት የጎደለው፣ መቶ ዓመት በእጅ የተዳሰሰ፣ ጥቂት ያለቀ ብር ነው። ስፋቱም እንዲሁ ምስክር ነበር። ከእውነተኛ ብር ቅርጽ ተወስዶ የፈሰሰ ነገር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ከእናቱ ትንሽ ያንሳል። ይህ ግን ልክ አርባ ነው።

የፊደሉ ጥላ ግን አሁንም አልገባኝም ነበር። የገባኝ ሌላ ቦታ ነው። በዚያው ሳምንት ለአንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄጄ ወረቀት ላስመታ ተሰለፍኩ። ጸሐፊዋ ማኅተሙን ደብዳቤው ላይ አሳረፈች፤ ቀለሙ ፈዘዝ ያለባት መሰለኝ፣ ሳታነሣው እንደገና ጫነችው። እጇ በመካከል ጥቂት ዞሯል። ወይን ጠጁ ክብ ሁለት ጠርዝ አወጣ፤ በዙሪያው ያለው ጽሕፈት እያንዳንዱ ፊደል ከጎኑ ጥላ አለው። ወረቀቱን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ያለው ሰው «ጋሼ፣ እለፉ እንጂ» አለኝ። ያንን ማኅተም አይቶ ሐሰት ነው የሚል የለም፤ ማኅተሙ ሁለቴ ማረፉን ሁሉም ያውቃል።

ብርም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ባዶው ጥፍጥፍ ከታች ባለው ማተሚያ ላይ ይቀመጣል፤ የላይኛው ማተሚያ በኃይል ይወርድበታል፤ ሁለቱም ፊት በአንድ ምት ይወጣል። ከዚያ የተመታው ብር ተገፍቶ መውጣትና ለሚቀጥለው ጥፍጥፍ ቦታ መልቀቅ አለበት። አንዳንዴ አይወጣም። ጥቂት ዞር ብሎ እዚያው ይቀርና ማተሚያው ደግሞ ይወርድበታል። ሁለተኛው ምት የመጀመሪያውን ጨፍልቆ ከላዩ ያርፋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋውም። ከአዲሱ አፍንጫ ጎን የአሮጌው አፍንጫ ተጠፍጥፎ ይቀራል። ይህን የሚመስል ሌላም ነገር አለ፤ ማተሚያው ላልቶ በምቱ ሰዓት ሲንቀጠቀጥ ፊደሉን ገፍቶ እንደ ደረጃ ያለ ጠፍጣፋ ጠርዝ ያወጣለታል። እሱ ብዙ ስለሚያጋጥም ሰብሳቢዎች ብዙም ዋጋ አይሰጡትም። በደብተሬ ያለው መልክ ግን ደረጃ አልነበረም፤ ሁለት ሙሉ ፊደል፣ አንዱ ካንዱ ሥር ነው። በማጉያ እያየሁ የ«ም»ን ሁለት ዓይኖች ቆጠርኩ፤ አራት ሆኑ። ጠርዛቸው በመርፌ የተጫረ ያህል የሰላ ነው። ቀልጦ የፈሰሰ ብር እንዲህ ያለ ስለት አያወጣም፤ እንደ ተላሰ ስኳር ይሟሟል፣ ፊቱም በአየር ብጉር ይሞላል። የማተሚያ ቤቱ ስሕተት ነበር፤ ብሩ ሁለቴ ተመትቷል። እንዲህ ያለ ስሕተት ብር አፍስሶ ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ሊያወጣው የማይችለው፣ በማተሚያ ምት ብቻ የሚወጣ ነው። እኔ ለሐሰትነቱ ማስረጃ ያደረግሁት ነገር የእውነተኛነቱ ማስረጃ ነበር።

ሦስተኛውን የፈታችልኝ ባለቤቴ ናት። ያን ምሽት ፊቴን አይታ ምን ሆንክ አለችኝ፤ ስለ ጉብታዋ ስነግራት ሳታስብ መለሰችልኝ። «የአማታቸው የአንገት ብር አይደል? ቀለበቱ ተሰብሮ ነዋ። ቡና ላይ ስንቴ ነግረውናል።» ብር በአንገት የሚታሰረው ጠርዙ ላይ ቀለበት ተበይዶ ነው፤ ቀለበቱ ሲወልቅ ብየዳው ይቀራል። የሚበየደው ደግሞ በዘውዱ ራስ በኩል ነው፤ ንጉሡ ቀጥ ብለው እንዲንጠለጠሉ። ሠፈሩ ያሉ ሴቶች ሁሉ የሚያውቁትን እኔ ሳላውቅ ፈረድኩ። እናታችን በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው «የባለቤቴ እናት እኮ» ሲሉ ሊነግሩኝ የነበረው ይኸንኑ ነበር።

ባለቤቴ ሌላም ነገር አለችኝ። «አሁን ግን አያወሩትም። ሰው ሲጠይቃቸው ተዉት ይላሉ።»

በማግስቱ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። መጀመሪያ ነገሩን በደንብ ላጣራ አልኩ፤ የሚጣራ ነገር አልነበረም። ቀጥሎ ብሩ ከቀለጠ ወዲያ ቢያውቁት ምን ይጠቅማቸዋል፣ ሐዘን መጨመር ነው አልኩ። ለእሳቸው ያዘንኩ እየመሰለኝ የምጠብቀው ስሜን ነበር። «መምህር ካለ አለቀ» የሚለው ቃል እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። በዕድር ቤት እንገናኛለን፣ በቅዱስ ዮሐንስ በዓል እንኳን አደረሰዎ እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ሁለት ኪሎ ቡና ገዝቼ ላክሁላቸው። በምን ምክንያት እንደሆነ ግራ ገብቷቸው በልጅቷ አስመርቀውኝ ነበር፤ ያን ምርቃት ስሰማ ከቤት መውጣት አስጠላኝ። ብር ይዞ የሚመጣውን ሰውም «ዓይኔ ደክሟል» እያልኩ መመለስ ጀመርኩ። ስንት ያወጣ እንደነበር በልቤ ለማስላት የሞከርኩበት ሌሊትም አለ፤ ሁለቴ የተመታ ድፍን ብር የሚፈልግ ሰብሳቢ ብዙ ነው። ሒሳቡን ተውኩት። በዋጋው ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እከፍል ነበር።

በ2009 ዓ.ም. በጾመ ነቢያት ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ስግደትም ጾምም አላዘዙልኝም። «ይህን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለሴትየዋ ንገር» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደብተሩን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። እናታችን መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። የልጅ ልጃቸው አድጋ ቡና ትቆላለች። ደብተሩን ብከፍትላቸው እንደማያዩት የገባኝ እዚያ ስደርስ ነው፤ ስለዚህ ምስክር አድርጌ የያዝኩት ነገር አልረዳኝም፤ በቃል መናገር ነበረብኝ። ከበረንዳው ጀምሬ ተናገርኩ። አንበሳው በአንዳንዱ ዘመን ግራውን፣ በሌላው ቀኙን እንደሚያነሣ፤ ፓሪስ ላይ ማተሚያው ሁለቴ እንደወረደበት፤ ጉብታዋ የቀለበቱ ብየዳ እንደነበረች። «ብሩ እውነተኛ ነበር እማማ። አባባ የነገሩዎት ሁሉ ትክክል ነው። የተሳሳትኩ እኔ ነኝ» አልኩ።

ልጅቷ መቁላቷን አቆመች። እናታችን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። እኔ የጠበቅሁት አንዱን ወይ ሌላውን ነው፤ እንባ፣ ወይም «ምን ይደረግ ልጄ፣ ያለፈ ነገር ነው» የሚል ቃል። የጠየቁኝ ግን ይህን ነው።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሦስት ዓመት ሆነኝ» አልኩ።

«ሦስት ዓመት» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ ስንት ጊዜ በዚያ በር እንዳለፍኩ፣ ስንት ጊዜ እንደመረቁኝ አብሬያቸው ቆጠርኩ። ቀጥለው «የእናቱ የአንገት ነው ልልህ ነበር እኮ። አላስጨረስከኝም» አሉ። በቁጣ አልነበረም። እውነት ስለሆነ ብቻ የተናገሩት ነው። «አዎ፣ አላስጨረስኩዎትም» አልኩ። ይቅር በሉኝ ብዬ ከመደቡ ሥር ተንበረከክሁ። ትከሻዬን ነካ አድርገው «ተነሥ፣ ተቀመጥ፣ ቡናው ይድረስ» አሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ የሚለውን ቃል በዚያ ቀን አልሰማሁም። አልጠየቅኋቸውም።

አቦሉ ሲቀዳ ዝም ተባብለን ጠጣን። ቶናው ላይ ስንደርስ እናታችን ልጅቷን ጠሯት። «ነይ እስቲ ወዲህ። ያንን የአንገትሽን ስጪኝ።» ልጅቷ ሳታወልቀው ጎንበስ አለችላቸው። መስቀሉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ያዙት፤ ያን ዕለት በረንዳዬ ላይ ብሩን እንዳሹት አድርገው አሹት።

«የአያትሽ እናት ስትዳር» ብለው ጀመሩ፣ «ከጥሎሹ ሁሉ የወደደችው አንድ ብር ነበር።»

ልጅቷ ጀበናውን አስቀምጣ እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። ይህን ታሪክ በዚያ ቤት ሰምታው እንደማታውቅ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። ሙሽራይቱ በበቅሎ እንዴት እንደሄደች፣ ብሩ በክር ሆኖ ደረቷ ላይ እንዴት ይመታት እንደነበር፣ ክርስትና በተነሣ ቁጥር ጎረቤት እየመጣ እንዴት ይዋሰው እንደነበር ተናገሩ። «ቀለበቱ የተሰበረ ዕለት ደግሞ…» ብለው አቆሙ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ እዚያው ቦታ ላይ ነበር ያኔም ያቋረጥኳቸው።

ስኒዬን መሬት አስቀምጬ ጠበቅኋቸው። ትንሽ ቆይተው ቀጠሉ።